የከዚራ አሮጌ ቤቶች፦ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ አድርጎ ማደስ ይቻላል ወይ?

የለገሃር ልጅ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አሮጌ ቤት ላይ ሱቅ ይዘን የምንሠራ ነን። ታች እኛ፣ ላይ ሌሎች ቤተሰቦች። ግድግዳው ድንጋይ፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ ፊት ለፊቱ ቅስት ያለው በረንዳ። የኮሪደር ልማት ከመጣ ወዲህ ሻይ ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆኗል። አንዱ "ይፍረስና ጂ ፕላስ 5 ይሠራ" ይላል። ሌላው "ቅርስ ነው፣ ማንም እንዳይነካው" ይላል። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም።

ለማያውቅ ሰው፦ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነው፣ በፈረንጆች 1902 ማለቂያ ላይ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። ተራራውን መውጣት ውድ ሆነና ሐዲዱ ቆላው ላይ ቀረ። ምኒልክ ቦታውን "አዲስ ሐረር" ብለውት ነበር፤ ስሙ አልያዘም። ኩባንያውም ገንዘብ አለቀበትና ድሬ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። አዲስ አበባ የገባው በፈረንጆች 1917 ነው። ከዚራ ሥር የሰደደችው በዚያ መሀል ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ፣ የኛም ሰው ታች ነገደ፣ ላይ ኖረ።

ዛሬ ፕላን የሚያወጡ ሰዎች "ቅይጥ አገልግሎት" የሚሉት እኮ ይሄው ነው። ታዲያ ያለውን እንዴት እናድሰው? ከየት ይጀመራል? የሞከረ ወይም ያየ ካለ ይንገረኝ።

---

ድሬ ሙቀት

አቦ፣ መጀመሪያ ባቡሩን መልሱልን! አዲሱ ባቡር በ2009 መስከረም ተመረቀ፣ እሰየው። ጣቢያው ግን ከከተማ ውጪ ነው። ድሮ ተሳፋሪ ከባቡር ሲወርድ እግሩ የሚያርፈው ከዚራ ላይ ነበር። ሻይ ይጠጣል፣ አልጋ ይይዛል፣ ጨርቅ ይገዛል። አሁን ሻንጣውን ይዞ በባጃጅ ወደ ዘመዱ ነው። ቤቱን ቀለም ብትቀቡት ገዢው ከየት ይመጣል?

---

ኖራና ድንጋይ

የለገሃር ልጅ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ አሮጌ ቤት በመጠገን ሥራ ላይ ነኝ፣ ስለ ግንባታው ልናገር።

እነዚያ ግድግዳዎች ድንጋይና ኖራ ናቸው። ኖራ ይተነፍሳል። ከመሬት የሳበውን እርጥበት መልሶ ያወጣል። በኋላ የመጣው ሰው "ላጠንክረው" ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል። እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ጨው ያወጣል፣ ልስኑ እየተገለበጠ ይወድቃል፣ ድንጋዩም ይፈረፈራል። ከዚያ "ቤቱ አርጅቷል" ይባላል። ቤቱ አላረጀም፣ የታመመው በጥገናው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀለም አይደለም። ሲሚንቶውን አራግፎ በኖራ መለሰን ነው።

ሁለተኛው ጣሪያና አሸንዳ ነው። ድሬ ዝናብ ጥቂት ነው ብላችሁ አትናቁት። ሲመጣ በጎርፍ ነው የሚመጣው፤ በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ያደረገንን የድሬ ሰው አይረሳውም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር ከተጠራቀመ መሠረቱን ይበላዋል።

ሦስተኛው የላይኛው ወለል ነው። ጣውላውን የተሸከመው ወራጅ ጫፉ ግድግዳው ውስጥ ነው የተቀበረው። ምስጥ የሚጀምረው እዚያ ነው። መሀሉን አይታችሁ "ደህና ነው" አትበሉ፤ ጫፉን ፈልፍላችሁ እዩ። እሱ ሳይታይ ላዩ ላይ የውሃ ታንከር የሰቀለ ሰው ታች ያለውን ሱቅ አደጋ ላይ ነው የጣለው።

ቆጣሪና ፍሳሽም አለ። ታች ምግብ ቤት፣ ላይ አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ጉድጓድ። ጠቡ የሚጀመረው ከዚያ ነው። በዚያ ላይ የድሬ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ቧንቧውን ግድግዳ ውስጥ አትቅበሩት፣ በውጪ ይሂድ፤ ሲዘጋ ግድግዳ ሳይፈርስ ይቀየራል።

---

ሒሳብ ሹም

ኖራው ሲሚንቶው ሁሉ ልክ ነው። ግን ማን ይከፍላል? ዋናው ነገር ይኸ ነው።

በ1967 ዓ.ም ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። መሀል ከተማ ያለ ባለ ፎቅ አሮጌ ቤት ብዙው በዚህ መንገድ አልፏል። ውጤቱን እዩት። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ አከራዩ የሚያድስበት ገንዘብ የለውም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ መቶ ሺህ ብር አያፈስም። ቢያፈስስ ነገ "ውጣ" ቢባል ማን ይመልስለታል? ስለዚህ ሁሉም ጠባቂ ነው። አንዱ ጣሪያው እስኪወድቅ፣ ሌላው ምትክ ቤት እስኪሰጠው።

ቤቱን የሠራው ጣሊያን ይሁን ፈረንሳይ ለኔ ጉዳዬ አይደለም። ካርታ የሌለው ቤት አይታደስም።

---

ላይ ነዋሪ

ሁላችሁም ስለ ቤቱ ስታወሩ ላዩ ላይ ሰው እንዳለ የረሳችሁ መሰለኝ። እኔ ላይ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግኩት እዚያ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ "በጀት የለም" ተባልኩ። በራሴ ገንዘብ ቆርቆሮ ልቀይር ስል ደግሞ "ፈቃድ የለሽም፣ ቅርስ ነው" ተባልኩ። እንግዲህ ቅርስ የሆነው ስጠግነው ብቻ ነው ወይ? ሲያፈስ ቅርስ አይደለም?

አሁን ደግሞ "ይታደስ" ስትሉ እፈራለሁ። ሲታደስ ያማረ ካፌ ይሆናል፣ እኔ ከከተማ ዳር እጣላለሁ። ልጄ የሚማረው እዚህ፣ የምሸጠው ሳምቡሳ እዚህ፣ ደንበኞቼ እዚህ። ከዳር ሆኜ ለማን ልሸጥ?

---

ጂ ፕላስ

እህቴ፣ ለአንቺም የሚሻለው አዲስ ቤት ነው። እንነጋገር በእውነት። መሀል ከተማ ላይ አንድ ፎቅ ብቻ ይዞ መቀመጥ ብክነት ነው። መንገዱ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ውሃው አለ። እዚያ ላይ አምስት ፎቅ ቢቆም ታች ሱቅ፣ መሀል ቢሮ፣ ላይ መኖሪያ ይሆናል። ከተማው ግብር ያገኛል፣ ወጣቱ ሥራ ያገኛል። ናፍቆት እንጀራ አይሆንም። ፓሪስም እኮ አፍርሳ ነው የተሠራችው።

---

ድሬ ሙቀት

ጂ ፕላስ ወንድሜ፣ አዲስ የተሠሩትን ሕንፃዎች ታች አይተሃል? ባንክ። ቀጥሎ ባንክ። ከዚያ ሌላ ባንክ፣ ጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጦ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋና መንገዱ ይሞታል። ድሬ ደግሞ የምትነቃው ማታ ነው! ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ማን ይወጣል በዚህ ፀሐይ? ሰው የሚወጣው ሲበርድ ነው፤ ሲወጣ ብረት መዝጊያ ነው የሚያገኘው።

ፊቱን ሁሉ መስታወት አድርገውታል ደግሞ። ለድሬ! ውስጡ ምጣድ ነው።

---

ሲልቨር ነዋሪ

ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። የአበሻ ምግብ ቤት በየመንገዱ ያለባት ከተማ ናት፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እዚህ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም።

መሀል ከተማዋ ለረጅም ጊዜ ተኝታ ነበር። ሲልቨር ቲያትር የሚባል ሲኒማ አለ። በፈረንጆች 1938 ተከፍቶ በ1984 ተዘጋ። ሊፈርስ ነበር፣ የአሮጌ ሕንፃ ወዳጆች ተሟገቱለት። ታድሶ በ2003 እንደገና ተከፈተ፣ ዛሬም ፊልም ያሳያል። በዙሪያው ሱቅ፣ ቢሮና አፓርታማ ተሠራ። ከተማዋ ነቃች። የኛ ሰዎችም ከዋሽንግተን ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና አካባቢ ኪራይ ሲያባርራቸው ብዙዎቹ ወደዚህ መጡ።

አሁን መጥፎውን። አዲስ አፓርታማ ሲሠራ ታች "ለሱቅ" ብለው የሚተዉት ቦታ ሰፊ ነው። ትልልቅ ሰንሰለት መደብሮችን አስበው ነው የሚሠሩት። እንጀራና በርበሬ የሚሸጥ ሰው 300 ካሬ ሜትር ምን ያደርግለታል? እሱ የሚፈልገው 40 ካሬና አንድ በር ነው። ስለዚህ አበሻው ያለው አሮጌው፣ ጠባቡ ሕንፃ ውስጥ ነው። አዲሱ ውስጥ ጥቂት ነው የምታዩት። አሮጌው ሲፈርስ አብሮ የሚሄደው ያ ትንሽ በር ነው። ፎቅ ስትቆጥሩ በርም ቁጠሩ።

ሌላው፣ እዚህ አገር ትንንሽ ከተሞችን መልሶ ለማነቃቃት የተጀመረ ሥራ አለ፣ "ሜይን ስትሪት" ይሉታል። በፈረንጆች 1977 በሦስት ከተሞች ነው የተሞከረው፦ ጌልስበርግ ኢሊኖይ፣ ማዲሰን ኢንዲያና፣ ሆት ስፕሪንግስ ሳውዝ ዳኮታ። የወደድኩላቸው አንድ ነገር በአንድ ትልቅ ፕሮጀክት አለመጀመራቸው ነው። ለመንገዱ አንድ ሥራ አስኪያጅ ይቀጠራል። አንዱ ቤት የተሸፈነ መስኮቱን ይከፍታል፣ ሌላው ታፔላውን ያስተካክላል፣ ገበያና በዓል ይዘጋጃል፣ ቀስ በቀስ። በዚያ ላይ ገቢ የሚያስገባ ታሪካዊ ሕንፃን በደንቡ ላደሰ ሰው ከማደሻ ወጪው 20 በመቶ ከፌዴራል ግብሩ ይቀነስለታል። መንግሥቱ ዝም ብሎ "ቅርስ ነው" የሚል ታፔላ ሰቅሎ አይተወውም።

---

የለገሃር ልጅ

ሲልቨር ነዋሪ፣ የበሩ ነገር ገባኝ። የኛ መንገድ ላይ ሰዓት ሠሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቅመም ሻጭ፣ ጁስ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ሁሉም ጎን ለጎን ነው። የአንዱ ደንበኛ ለሌላው ገበያ ነው። ያ ሁሉ የያዘው ቦታ ለአንድ ባንክ ቅርንጫፍ እንኳ ቢበቃ ይገርመኛል።

እናታችን ላይ ነዋሪ፣ ይቅርታ። ጥያቄውን ስጽፍ እርስዎን ማስቀደም ነበረብኝ። ለመሆኑ አሜሪካ እንዴት ነው፣ ላይ ሰው ይኖራል?

---

ሲልቨር ነዋሪ

ትንንሾቹ ከተሞች ላይ ችግሩ ከእናንተ ተቃራኒ ነው። ታች ሱቅ አለ፣ ላዩ ባዶ ነው፣ ለዓመታት። ሰው ወደ ዳር ወጥቶ በመኪና ይመላለሳል። ላዩን መልሶ መኖሪያ ለማድረግ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የእሳት መውጫ ደረጃ ያስፈልጋል፣ ያ ውድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ይተወዋል። እናንተ እኮ ላይ ያለውን ሰው አላጣችሁም! እነሱ በሚሊዮን ዶላር የሚፈልጉት ያንን ነው። እሱን አስወጥታችሁ ብታድሱ በኋላ በገንዘብ ነው የምትለምኑት።

---

የጀጎል ልጅ

ከሐረር ሰላምታ። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በፈረንጆች 2006 ነው። ግን ዋጋው ግንቡ ብቻ አይደለም፣ ውስጡ ሰው ስላለ ነው። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም ሲንጀራቸውን መንገድ ላይ አውጥተው ይሰፋሉ። ጨርቁን ከጎን ትገዛለህ፣ ለክተው እዚያው ይሰፉልሃል። አንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ የሐረሪ ቤቱን እንግዳ ማሳደሪያ አድርጎታል፤ ባለቤቶቹ እዚያው እየኖሩ። ከፍ ያለው መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መሶብ እንዳለ። እንግዳው ይከፍላል፣ በዚያ ገንዘብ ጣሪያው ይጠገናል። የቤቱን ዘይቤ ከነሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ጥገናውም አይበላሽም።

ልዩነቱ ግን ሒሳብ ሹም ያለው ነው። እነዚያ የራሳቸው ቤት ነው።

---

ጂ ፕላስ

እሺ፣ ባንኩንም ሙቀቱንም ተቀበልኩ። ግን ቁጥሩ አይቀየርም። አንድ ፎቅ አንድ ፎቅ ነው። ጥገናው ውድ፣ ትርፉ ትንሽ። ይህን ሒሳብ የሚያስተካክል ነገር አሳዩኝ።

---

ኖራና ድንጋይ

ላሳይህ። የከዚራን ግቢዎች አይተሃል? ፊቱ ብቻ ነው የተሠራው። ከጀርባው ሰፊ ግቢ አለ፤ ውስጡ የቆርቆሮ መጋዘን፣ አሮጌ ማድ ቤት፣ የተከመረ ብረታ ብረት። የመንገዱን ፊት ሳትነካ፣ ከጀርባው ሦስት ወይም አራት ፎቅ መኖሪያ መሥራት ትችላለህ። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው አሮጌውን ነው የሚያየው። አሮጌው ግድግዳ ላይ ግን ፎቅ እንዳትጨምር፤ የራሱን ነው እንዲሸከም የተሠራው። አዲሱ የራሱ መሠረትና ኮለን ይኑረው፣ በመሀላቸው ክፍተት ይተው።

ያን ጊዜ አዲሱ ለአሮጌው ይከፍላል። ላይ ያሉት ቤተሰቦችም መጀመሪያ ወደ ጀርባው ይገባሉ፣ ከዚያ ፊቱ ይታደሳል። አንድ ቀን ከሰፈራቸው አይወጡም። ቅደም ተከተሉ ይህ ካልሆነ ግን እኔም አልደግፈውም። "ለጊዜው ውጡ" የተባለ ሰው መቼ ነው የተመለሰው?

በረንዳው ደግሞ ይቅር እንዳትሉ። ፀሐዩን ግድግዳው ላይ ሳይደርስ የሚያስቀረው እሱ ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ላይኛው መስኮት ሙቁን አየር ሲያስወጣ፣ ኤሲ ሳይኖር ሱቁ ይሠራል። ለመስታወቱ ሕንፃ የመብራት ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ቀደም ብላችሁ አስሉ።

---

ሒሳብ ሹም

ይሄን እወደዋለሁ። አሁን ወረቀቱን ልጨምርበት።

አንደኛ፣ የ2011 የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት ራሱ ለማልማት ቅድሚያ አለው ይላል። ብቻውን ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። "ሊፈርስ ነው" ሲባል ካሳ ለመቀበል ነው የሚሰለፈው። ከዚራ ውስጥ ካርታ ያላችሁ አራትና አምስት ጎረቤት ሆናችሁ ጀርባችሁን አንድ ግቢ ብታደርጉ ኖራና ድንጋይ ያለውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ባለሀብት መጠበቅ አያስፈልግም።

ክፍተቱ ግን ግልጽ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለይዞታ አይደለም። ላይ ነዋሪ ያ ቅድሚያ የላቸውም።

ሁለተኛ፣ የጋራ ሕንፃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 370/1995። ኮንዶሚኒየም ሲባል ሁሉም ሰው አዲሱን ባለ አራት ፎቅ ነው የሚያስበው። ሕጉ ግን የሚለው አንድ ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱ ክፍል፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የጋራ፣ የሚያስተዳድረው የባለቤቶች ማኅበር ነው። ለአሮጌ ቤት ከዚህ የሚስማማ የለም። ከተማው የቀበሌውን ቤት ለነዋሪውና ለባለሱቁ በረጅም ጊዜ ክፍያ ቢያዞር፣ ፊቱንና በረንዳውን እንዳይነኩ ውሉ ውስጥ ቢያስገባ፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ስለሚጋራ ያድሰዋል። ኮንዶሚኒየም ሲጀመርም ታች ያለው የንግድ ቤት በጨረታ እየተሸጠ የላዩን ዋጋ ሲደጉም ነበር። ያው ሒሳብ ነው። እዚህ ግን ጨረታ እንዳይሆን፤ ጨረታ ከሆነ ባንኩ ነው የሚያሸንፈው።

---

ላይ ነዋሪ

ልጄ ሒሳብ ሹም፣ ይህን በአማርኛ ያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፣ እግዜር ይስጥህ። በየወሩ ቀስ እያልኩ ልክፈል፣ የኔ ይሁን፣ ጣሪያውን እኔ እቀይራለሁ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልፈልግም። ግን ቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ ሦስት ቤተሰብ አለ። አንዱ ቢከፍል አንዱ ባይከፍልስ? ደረጃውን ማን ያሠራል?

---

ድሬ ሙቀት

እኔ መጀመሪያ "ገዢው ከየት ይመጣል" ብዬ ነበር። የባቡር ጋራዡን ረሳሁት። አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች፣ ያ ሁሉ ማሽን፣ ግቢው፣ ዛፉ። ጎብኚ እየከፈለ የሚያየው ነገር ነው። ባቡሩ ባይመለስ ጣቢያው ራሱ ሰው ይስብ። አደባባዩ ላይ ማታ ማታ ገበያ ይቁም፣ ፉል ቤቱ ጠዋት ይከፈት፣ ከዚያ ወደ ከዚራ በእግር ነው። ጋራዡን ግን "ሞል" ሊያደርጉት የሚመጡ ካሉ በሬን እዘጋለሁ አቦ።

---

ሒሳብ ሹም

ላይ ነዋሪ፣ ለጥያቄዎ፦ ደረጃው የጋራ ነው፣ ወጪውም በየክፍሉ ስፋት ይካፈላል፤ ሱቁ ሰፊ ከሆነ ሱቁ ብዙ ይከፍላል። የማይከፍል ሰው ሲኖር ክፍሉን ሲሸጥ ዕዳው አብሮት እንዲሄድ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ካሁኑ ጻፉት። ገና ባለቤት ባትሆኑም ማኅበሩን አሁን መሥርቱ፣ ማመልከቻ ስታስገቡ እንደ አንድ ሰው ትታያላችሁ። የለገሃር ልጅ፣ አንተ ታች ነህ፣ ስብሰባውን ሱቅህ ውስጥ አድርገው።

---

የለገሃር ልጅ

እሺ። እሑድ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሲበርድ። ኖራና ድንጋይ፣ የወራጁን ጫፍ የምናይበትን መንገድ በውስጥ ጻፍልኝ። ጂ ፕላስ፣ ድሬ ከሆንክ አንተም ና፤ የሚከራከር ሰው ያስፈልገናል።